በአቦል፣ በቶናና በበረካ፦ ከጡረታ በኋላ ሥዕል ለሚጀምሩ

ሰው 60 ሲሞላው መሥሪያ ቤቱ ሽኝት ያዘጋጅለታል፣ ጋቢ ያለብሰዋል፣ ስለ ረጅም አገልግሎቱ ንግግር ይደረግለታል። በማግስቱ ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ ግን የሚነግረው የለም። እዚህ ጅማ ለጡረተኛ የተዘጋጀው መልስ የታወቀ ነው፤ ቡና መጠጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ጥላ ሥር ዳማ መጫወት። ሦስቱንም እወዳለሁ፣ አንዱንም አልተውኩም። ቢሆንም ከሦስቱ የሚተርፍ ሰዓት አለ። በተለይ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ያለው፤ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው፣ ቤቱ ጭር ብሎ፣ ሬዲዮኑም የሰማነውን ዜና መልሶ ሲያሰማን።

እኔ ያንን ሰዓት የሰጠሁት ለሥዕል ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያሰመርኩት መሥመር ሁሉ በማስመሪያ ነው። ሠዓሊ አይደለሁም፣ እሆናለሁ ብዬም አልተነሣሁም። የምሥለው ሲኒ፣ በርጩማ፣ የጎረቤት አጥር፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ነው። ቀለሜ ደግሞ ቡና ነው። እኩዮቼ "እንዴት አድርገህ ነው?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ እነሆ የማውቀውን ጻፍኩት።

ልጆቼ የቀለም ሣጥን ሊገዙልኝ ሲነሡ ተዉ ብያቸዋለሁ። በእኛ ዕድሜ ውድ ዕቃ ያስፈራል። እንዳይባክን ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ ይሰቀልና አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። የሚዘልቀው መዝናኛ ቤት ውስጥ ባለ፣ ቢደፋም በማያስቆጭ ነገር የተጀመረው ነው። በጅማ ቤት ከቡና የቀረበ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ቀለሙ

ጀበና በተጣደ ቁጥር ከሦስቱም ዙር ትንሽ ትንሽ አስቀሩ። አቦሉ ለጥላ፣ ቶናው ለመካከለኛው፣ በረካው ብርሃን ለሚያርፍበት። ቀለም ቀማሚ የሚደክምበትን ነገር ጀበናው ራሱ ደረጃ በደረጃ አቅጥኖ ይሰጣችኋል። ብቻ የምታስቀሩት ከሲኒ ሳይሆን ከጀበናው ይሁን። ስኳር የነካው ቡና ወረቀት ላይ አይደርቅም፤ ሲጣበቅ ይሰነብትና ጉንዳን ይጠራል። እንደ አካባቢያችን ልማድ ጨው የገባበት ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ነጫጭ ፍንጣቂ ያወጣል። ቅቤ ያለበትንማ አታስቡት፤ ወረቀቱ ይወዛል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይቀበልም።

አቦል እንደ ወረደ ለጥላ አይበቃም፣ ወረቀት ላይ ሲደርቅ ይገረጣል። ስለዚህ አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉትና ቡናው ተጠጥቶ ሲያልቅ በተረፈው ፍም ላይ በትንሽ ብረት ድስት መልሳችሁ ጣዱት። በማንኪያ ሲያነሡት ቶሎ ቶሎ መንጠባጠቡን ሲተው አውርዱት። ለእንጨት ጥቁረት፣ ለጀበና፣ ለሰው ፀጉር የሚሆነው ይኸ ነው። በረካው ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ውኃ ሊፈልግ ይችላል። ብቻቸውን የሚኖሩና ለአንድ ሰው ጀበና መጣድ የሚከብዳቸው፣ በውኃ የሚሟሟውን የታሸገ ቡና በሻይ ማንኪያ ወስደው በጥቂት ሙቅ ውኃ ቢበጠብጡት ያው ነው፤ እንዲያውም ለጥላ ይሻላል።

ሦስቱንም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ።

የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ የቡና ቀለም ጥቂት ቀን ከቆየ ሻጋታ ያወጣል። አንዳንዱ ጠብታ አረቄ ጨምሮበት ያቆየዋል። እኔ አልቸገርበትም፣ ደፍቼ በማግስቱ አዲስ እይዛለሁ። ጠርሙሱ ላይ ግን "ቀለም" ብላችሁ ለጥፉበት። የቤታችን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ላይ ባለቤቴ በትልቁ ጽፋበታለች፤ እንግዳ ሰው አንሥቶ እንዳይጠጣው ነው።

ወረቀት፣ እርሳስና መፋቂያ

ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ቡና ሲነካው ይኮማተራል። ቢያንስ 160፣ ከተገኘ 200 ግራም የሆነ ወረቀት ፈልጉ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይልቅ ማተሚያ ቤት መጠየቅ ይሻላል፤ የሠርግ መጥሪያ ሲቆርጡ የሚተርፋቸው ቁራጭ ጠንካራ ነው፣ በርካሽ ይሰጧችኋል። አንዳንዱ ወረቀት እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ነው፣ እሱን አትውሰዱ፤ ቀለም ይንሸራተትበታል። ስትሥሉ አራቱን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ አጣብቁና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታንሡት። ያኔ ተወጥሮ ይደርቃል።

እርሳስ ሁለት ይበቃል፤ ኤችቢ ለንድፍ፣ ሁለት ቢ ለጠቆር ያለው። መቅረጫ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ይሰብራል፣ በምላጭ መቅረጽ የለመዳችሁ በዚያው ቀጥሉ። ላጲስ ግን ብዙ አትጠቀሙ። ላጲስ የፈተገው ወረቀት ቡናውን አብዝቶ ይመጥና ያልታሰበ ቦታ ላይ ይጠቁራል።

ቀጭን ብሩሽ አንድ፣ ወፈር ያለ አንድ። ከዚያ ሌላ ያለው ሁሉ መፋቂያ ነው። ጫፉን አኝካችሁ ስታፍረከርኩት ለሣር፣ ለዛፍ ቅጠል፣ ለአጥር እሾህ የሚስማማ ብሩሽ ይሆናል። ጥርስ የነካውን ግን በውኃ አጥቡት፤ ምራቅ ያለበት እንጨት ቀለሙን ያበላሻል።

ዓይን፣ እጅ፣ ጉልበት

ስለዚህ ሳይነጋገሩ ለሽማግሌ ሥዕል አስተምራለሁ ማለት አይሆንም።

የማንበቢያ መነጽር ወረቀቱን ያሳያል፣ ሩቁን ግን ያደበዝዛል። ውጭ ስትሥሉ ወደ አፍንጫችሁ ዝቅ አድርጉትና ሩቁን በላዩ፣ ወረቀቱን በውስጡ እዩ። አንገትን ቀና ደፋ ማድረግ የለም፣ ዓይን ብቻ ይሠራል። ብርሃን በዛ ቢባል አይጠላም፤ ቀኝ እጀኞች መስኮቱን በግራ፣ ግራ እጀኞች በቀኝ አድርጉት፣ የእጃችሁ ጥላ ሥራው ላይ እንዳይወድቅ። ቀለሙ ሁሉ ቢጫ ቢጫ እያለ፣ የመኪና መብራት እየተበተነ የሚታያችሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመነጽር ላይሆን ይችላል። የዓይን ሞራ እንደሆነ ተመርመሩ። በቀዶ ጥገና የሚድን ነገር ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የዓይን ሕክምና ክፍል አለው።

ጣት ጠዋት ጠዋት ይገትራል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆይታችሁ፣ ወይም ትኩስ ብርጭቆ በሁለት እጅ ይዛችሁ ጀምሩ። ቀጭን እርሳስ መጨበጥ የሚያማችሁ ሰዎች የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጣችሁ ጠምጥሙበት፤ በወፈረ ቁጥር ጣት ያርፋል። እጁ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ደግሞ ክንዱን ከክርኑ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ያስደግፍ፣ መሥመሩን ከጣት ሳይሆን ከትከሻ ይሳበው። እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ምክር አለኝ። ቡና ራሱ እጅ ያንቀጠቅጣል። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ቀጥ ያለ መሥመር መፈለግ አይገጥምም፤ አንዱን ጠጡ፣ ሁለቱን ሣሉበት። መንቀጥቀጡ ድንገት የመጣ ወይም እየባሰ የሄደ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ፣ ለእኔ አይደለም።

የጅማን በርጩማ መሣል እንጂ ተቀምጦበት መሣል ለእኛ ጉልበት አልተሠራም። መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ተነሥታችሁ ግቢውን አንድ ዙር ዙሩ።

የመጀመሪያው ሥዕል ሲኒ ይሁን

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ሲይዝ ወይ ተራራ ወይ የልጅ ልጁን ፊት ሊሥል ይነሣል። ተራራው ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ይሆንና ይሰለቻል፣ ፊቱ አይመስልምና ተስፋ ያስቆርጣል። ሲኒ ግን አትንቀሳቀስም፣ አትቆጣም፣ ዕድሜ ልካችሁን በእጃችሁ ይዛችኋታል።

ከመስኮት አጠገብ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ ከዓይናችሁ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጧት። የሲኒ አፍ ክብ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከተቀመጣችሁበት ስታዩት ግን ሞላላ ነው። መጀመሪያ ሞላላውን በቀላሉ፣ እጃችሁን እያዞራችሁ፣ ሳትጫኑ ሦስት አራት ጊዜ ከላይ ከላይ ንደፉት። ከዚያ በመካከሉ ወደ ታች ቀጥ ያለ ስስ መሥመር አውርዱ፣ ሁለቱ ጎኖች ከዚያ መሥመር እኩል እንዲርቁ። አሁን መቀመጫዋ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነገር ሥሩ ጠፍጣፋ ነው ብሎ አእምሮ ይነግራችኋል፣ እጅም ቀጥ ያለ መሥመር ያሰምራል፣ ሲኒዋም ከመሃል የተቆረጠች ትመስላለች። ወደ ታች አተኩራችሁ እዩት፤ የሥሩ ጠርዝም ይጎብጣል። እንዲያውም ከአፉ ይልቅ እሱን ከላይ ስለምታዩት ጉብጠቱ ከአፉ ይበልጣል። ይህን አንድ ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ድስቱንም፣ እንስራውንም፣ መሶቡንም ሣለ በሉት።

ወደ ቡናው ስንመጣ ሥራው የሚጀመረው ከቀጭኑ ነው። በረካውን በወፍራሙ ብሩሽ ሲኒዋ ላይ አልብሱት፣ ብርሃኑ ብልጭ ያለበትን ነጥብ ብቻ ለወረቀቱ ተዉለት። ነጭ ቀለም የለንም፤ ነጩ ወረቀቱ ነው፣ አንዴ ከተቀባ አይመለስም። ይድረቅ። በሐምሌ ይህ "ይድረቅ" ያልኩት ቃል ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ያኔ ነው ሄዶ ዳማ መጫወት። ሲደርቅ ቶናውን ከመስኮቱ በራቀው ጎን፣ ከአፉም ውስጥ ጥላ ባለበት በኩል። እንደገና ይድረቅ። በመጨረሻ ወፍራሙን አቦል በቀጭኑ ብሩሽ ሲኒዋ ጠረጴዛውን የነካችበት ቦታ ላይ ብቻ፣ አንድ ክር መሥመር። ያቺን መሥመር እስክትጨምሩ ሲኒዋ አየር ላይ ናት፤ ስትጨምሩ ቁጭ ትላለች። እኔ ይህን ሰዓት እስካሁን አልጠገብኩትም።

ቡና ወረቀት ላይ ተጠራቅሞ ሲደርቅ ጠርዙ ጠቁሮ ቀለበት እንደሚሠራ ሁላችሁም የጠረጴዛ ልብሳችሁ ላይ አይታችኋል። የፊዚክስ ሰዎች ምክንያቱን በ1997 እ.ኤ.አ. አስረድተውታል፦ ጠብታው በጠርዙ በኩል ፈጥኖ ስለሚተን ከመሃል ያለው ፈሳሽ ወደ ጠርዝ ይሮጣል፣ ደቃቁን ቡናም ይዞ ሄዶ እዚያ ይጥለዋል። ቀለበቱን ካልፈለጋችሁት የተጠራቀመውን ሳይደርቅ በለስላሳ ወረቀት ጫፍ ምጠጡት። ለዛፍ ቅርፊትና ለአሮጌ ግድግዳ ግን ተዉት፤ እኔ እንዲያውም ሆን ብዬ አጠራቅመዋለሁ።

ከቤት መውጣት

ሲኒና ጀበና ከተለመደ በኋላ በርጩማ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፣ መጋጠሚያ የለውም። ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። ለሠዓሊ ግን ሦስቱ እግሮች ያደናግራሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከኋላ ሆኖ አጥሮ ይታያል። እግሮቹን ትታችሁ በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሣሉ፤ ያ ባዶ ቦታ ምን ቅርጽ እንዳለው ተመልክታችሁ ዙሪያውን ንደፉት። እግሮቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ከዚያ በባጃጅ ወደ ጅሬን ውጡ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙ ናቸው፤ የእንጨት ፎቅ ቤታቸው ኮረብታው ላይ ቆሟል። ሙሉውን ሕንፃ ለመሣል አትነሡ፣ አንድ ቀን አይበቃም። አንድ የበረንዳ ቋሚ ከነመደገፊያው ምረጡ። ማስመሪያ ደግሞ ቤት ይቅር። ያ አሮጌ እንጨት በማስመሪያ ሲሠመር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል፣ ይህን ከሒሳብ ሠራተኛ እመኑኝ። ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን ቁልቁል ማየቱ ትርፍ ነው።

ቦዬ የሚባለው ረግረግ ለወፍ ነው። ረግረጉ ላይ ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታይበት ትልቅ ወፍ ታገኛላችሁ፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር የለም። ወፍ አይቆምላችሁም። አንዱን ወረቀት ሙሉ በአንገትና በጀርባ መሥመር ብቻ ሙሉት፤ አንዱ ወፍ ሲሄድ ሌላው ያንኑ አቋቋም ይዞ ይመጣና ያቋረጣችሁትን ትቀጥላላችሁ። ጉማሬ ስላለ ግን ከውኃው ዳር ራቁ፣ ማለዳና ምሽት ለግጦሽ ሲወጣ ከቶ አትገኙ። እኛ ሮጠን የምናመልጥበት ዕድሜ ላይ አይደለንም።

የሐሙስ ገበያ ለሠለጠነ እጅ ነው፣ ሰው አይቆምምና። እኔ የምሥለው የተከመረ ጆንያ፣ የማር ቆርቆሮ፣ ታስሮ የቆመ አህያ ነው። ሰው መሣል ስትፈልጉ አስፈቅዱ። መልኩ እንዲሣል በሃይማኖቱም በሌላም ምክንያት የማይወድ አለ፣ መብቱ ነው። ከመሥሪያ ቤት አጥር ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ መሣልም አይመከርም፤ ጥበቃው መጥቶ "አባባ ምን እየጻፉ ነው?" ማለቱ አይቀርም፣ ማስረዳቱ ከሥዕሉ ይረዝማል። ልጆች ሲከቧችሁ ግን አታባርሯቸው። አንድ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ትርፍ ያዙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከእናንተ የተሻለ ሲሥል ታያላችሁ።

የተጠናቀቀውን ሥዕል ጀርባውን ቀንና ቦታ ጽፋችሁበት በፋይል አኑሩ። ፋይሉን ግድግዳ አታስጠጉት፣ በክረምት እርጥበት ይስባል። የምትሰቅሉት ካለም ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ይሁን፤ የቡና ቀለም በፀሐይ ይነጣል።

ሥዕል ጨርሶ የማይሆንለት ሰው አለ፣ አይገደድም። ባለቤቴ ሞክራው ስቃ ተወችው፤ እሷ ዳንቴል ነው የምትሠራው፣ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የቀረው እኔ ነኝ። ዓይኑ የደከመበት ወዳጃችን ደግሞ የልጅ ልጁን ስልክ አስከፍቶ የድሮ ጅማን ታሪክ በድምፅ እየቀዳ ያስቀምጣል። ጓሮ ያለው ጎመኑንና ጤና አዳሙን ይኮትኩት፤ ገበጣም አለ።

መሣል የቀጠላችሁ ግን አንድ ቀን የማይቀር ነገር ይመጣባችኋል። ጎረቤት የሟች አባቱን ፎቶግራፍ ይዞ "ጋሼ፣ ይህን በትልቁ ሣልልኝ" ይላል። እምቢ ማለት ያሳፍራል። እንዲህ አድርጉ፤ ፎቶውን ፎቶ ኮፒ አስነሡ፣ ኮፒው ላይ በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ ቁም ለቁምና አግድም እያሰመራችሁ በካሬ ክፈሉት። በትልቁ ወረቀት ላይ ያንኑ ያህል ካሬ በሦስት በሦስት ሳንቲ ሜትር በስሱ አሥምሩ። ለዚህ ለዚህ ማስመሪያው ይፈቀዳል። ከዚያ ፊት እየሣላችሁ መሆኑን ረስታችሁ አንዱን ካሬ ብቻ እያያችሁ ያለውን መሥመር ወደ አቻው ካሬ አዛውሩ። ፎቶውን ገልብጣችሁ ብትሠሩት ይበልጥ ይቀላል፣ አፍንጫ ነው ዓይን ነው የሚል ሐሳብ አይገባባችሁምና። ካሬዎቹን ቡና ከመንካቱ በፊት በቀስታ አጥፉ። ፊቱ አሁንም እምቢ ካላችሁ ጋቢውን አሳምሩት፤ የጋቢው እጥፋት በሦስቱ ቡና እጅግ ያምራል፣ ቤተሰቡም የሚያውቀው ከአለባበሱ ነው።